ትንሽ ጋለሪ ስትሄዱ ዝም ብላችሁ አትውጡ

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢያቸው መኖሪያ ቤት የሚመስል ትናንሽ ጋለሪዎች አሉ። በሩ ተዘግቷል ብላችሁ እንዳትመለሱ፣ አንኳኩ። መግባት ብዙ ጊዜ በነፃ ነው፤ ለመግዛትም ማንም አያስገድዳችሁም።

የኤግዚቢሽን መክፈቻ ምሽት ደስ ይላል፣ ግን ሰው ስለሚበዛ ሥዕሉን በደንብ ማየት ይከብዳል (እኔ ያለፈው ጊዜ የሰው ጀርባ አይቼ ነው የወጣሁት)። ከተቻለ በሌላ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ሂዱ። ያኔ ሠዓሊው ካለ ቁጭ ብሎ ያወራችኋል።

ገንዘብ አጠር ካለ ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ ሸራ ብቻ እያያችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ ወረቀት ላይ የተሠራ ንድፍ ወይም የእንጨት ቅርጽ ህትመት (እንጨት ላይ ተቀርጾ ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል) አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ጠያቂ ያጣ ነው፣ ዋጋውም በጣም ይቀላል። ከገዛችሁ የሠዓሊው ስምና የተሠራበት ዓመት ያለበት ደረሰኝ ተቀበሉ። ሸራውን የምትጠቀልሉት ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ ነው፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ተጨማዶ ሊሰነጠቅ ይችላል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትም አስፈቅዱ።

አንድ ነገር ግን እባካችሁ፦ ሥዕሉን ጋለሪው ውስጥ አይታችሁ ሠዓሊውን ከኋላ ደውላችሁ «ቀንስልኝ» አትበሉት። ነውር ነው። ጋለሪው ኪራይ የሚከፍለው ከሥዕሉ ሽያጭ ከሚያገኛት ድርሻ ነው።

አዳዲስ እጆችን ማየት ለምትፈልጉ ደግሞ በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ስም የተሰየመው የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የምረቃ ኤግዚቢሽን አያምልጣችሁ።