ጅማ ላይ የግቢ ዲዛይነር ሆኖ ለመሥራት ከየት ይጀመራል?

ጅማ ላይ ተክል ማጽደቅ ብዙም አይቸግርም። የሚቸግረው ውሃውን መምራት ነው። አካባቢው በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል። በዚህ ሙያ እንጀራ መብላት የሚፈልግ ሰው ከአበባው በፊት ውሃውን ይወቅ።

መጀመሪያ ትምህርቱ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆርቲካልቸር (የአትክልት፣ የፍራፍሬና የአበባ ልማት) ያስተምራል። ዕድሉን ካላገኛችሁ ችግኝ ጣቢያ ገብታችሁ ሥሩ። እኔ እንዲያውም ዲግሪ ያለውም ሰው አንድ ክረምት እዚያ ቢያሳልፍ ደስ ይለኛል። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ተጠቅልሎ የታነቀ ችግኝ ከላይ ሲያዩት ለምለም ነው። ይህን የሚያስተምረው እጅ ነው።

ከዚያ ልኬት። የራሳችሁን ወይም የዘመድ ግቢ በሜትር ለኩና በ1፡100 ሳሉት፤ 1 ሜትር መሬት ወረቀቱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቤቱን፣ በሩን፣ ነባር ዛፎቹን፣ ሽንት ቤቱንና የጣሪያውን አሸንዳ አስገቡ። ጠዋትና ከሰዓት ጥላው የት እንደሚያርፍም ምልክት አድርጉ።

አሁን ዋናው ሥራ፣ ውሃው። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ግቢው ውስጥ ቁሙ። የት ይመጣል? የት ይተኛል? ውስጡ የሚታይ የውሃ ጎማ (ቱቦ) ውሃ ሙሉና ሁለቱን ጫፎች ሁለት ችካል ላይ ያዙ። ውሃው ጫፎቹ ላይ እኩል ስለሚቆም የመሬቱ ከፍታ ልዩነት ወዲያው ይታያል። ከቤቱ ግድግዳ ሲርቅ መሬቱ በየ1 ሜትሩ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉ፤ ውሃው ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ሙሉ። በሁለተኛው ጊዜ በሰዓት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሰረገ ቦይ ወይም ከፍ ያለ መደብ ያስፈልጋል። ኮብልስቶን ለማንጠፍ የሚቸኩል ደንበኛ ካለ ይህን በትዕግሥት አስረዱት።

ለተክል ሩቅ አትሂዱ። ዋንዛ፣ ሰሳና ቢርቢራ የአገሩ ዛፎች ናቸው። ቡና ከሥራቸው ያምራል፤ ፍሬም ይሰጣል። ዋንዛ ግን ይሰፋል፤ ከግድግዳና ከኤሌክትሪክ ሽቦ አርቁት። ባህር ዛፍ ጠባብ ግቢ ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ።

ዋጋ ላይ የዲዛይኑን፣ የችግኙንና የጉልበቱን ለየብቻ ጻፉ፤ አለዚያ ዲዛይኑ በነጻ ይሄዳል። ቀብድ ሳትቀበሉ ችግኝ አትግዙ። ሥራ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ፎቶ አንሱ፤ ቀጣዩን ደንበኛ የሚያመጣው እሱ ነው።

ዛፍ የሚተከለው ዝናቡ ሲጠና፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። ስለዚህ ደንበኛ ፍለጋው መጋቢት ላይ ይጀመር፤ ጉድጓዱ ግንቦት ላይ ተቆፍሮ ኮምፖስት ይግባበት።