ለሌሊቱ የተራራ ብስክሌት ጉዞ ከመመዝገባችሁ በፊት

ሌሊቱን ሙሉ በሚነዳበት ረጅም የተራራ ብስክሌት ጉዞ ለመሳተፍ ካመነታችሁ፣ ቀን በነዳችሁት ኪሎ ሜትር ብቻ አትወስኑ፤ አስቀድማችሁ በሌሊት ሞክሩት። እንደ ወትሮው ሥራችሁን ውላችሁ፣ ማታ 4 ሰዓት ተነሱና የጉዞውን በሚመስል ጠጠራማና ዳገታማ መንገድ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ንዱ። መብራቱም፣ ቦርሳውም፣ ምግቡም ለጉዞው ያሰባችሁት ይሁን።

የሙከራው ዋና ቁጥር የመጨረሻዎቹ 2 ሰዓታት ፍጥነት ነው። ንጋት ሲቃረብ የሰውነት ሙቀትና ንቃት ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ይወርዳል፤ ጨጓራም ጣፋጭ ነገር አልቀበል ሊል ይችላል። የጉዞውን የሌሊት ክፍል ርቀት በዚያ ፍጥነት አካፍሉት። 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት 12 ቢነዳ 5 ሰዓት ነው፤ በሰዓት 8 ከሆነ ግን 7 ሰዓት ተኩል። ውጤቱ ከጉዞው የሰዓት ገደብ ወይም ከመብራታችሁ ባትሪ ከበለጠ፣ ለዘንድሮ ይቅርባችሁ። ባትሪው በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ሰዓት አይለካ፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በደብዛዛው ብርሃን የሚቆይበት ነው፣ ብርድም ያሳጥረዋል።

ሙከራውን ብቻችሁን አታድርጉ፤ ሲያልቅም መኪና ይዛችሁ እንዳትመለሱ፣ እንቅልፍ መሪ ላይ ይጥላል። ጉዞው ሊደርስ ከ10 ቀን በታች ከቀረም ሙከራውን ተዉት፣ ድካሙ ላይወጣላችሁ ይችላል።