ጋራዥዎን ቤት ሲያደርጉ ከፈቃድ መስጫው መስኮት ፊት ምን ይላሉ?

ካሊፎርኒያ ውስጥ ጋራዥ ወደ መኖሪያ ቤት ሊቀይሩ ካሰቡ፣ ከከተማው ደንብ በፊት የክፍለ ግዛቱን ሕግ ይወቁ። እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ለእናቴ ማረፊያ ላዘጋጅ ፈቃድ ስጠይቅ፣ በከተማው ፈቃድ መስጫ መስኮት ያለው ሠራተኛ «በጋራዡ ምትክ የመኪና ማቆሚያ ያሳዩን» አለኝ። ሁለት ሳምንት ግቢዬን በሜትር ስለካ ከረምሁ፤ በከንቱ! እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ከተማም ሆነ ካውንቲ ይህን መጠየቅ አይችልም።

ማመልከቻዎን ሲያስገቡ፣ የተሟላ መሆኑን የሚገልጽ፣ ቀን ያለበት ወረቀት ይቀበሉ። የውሳኔው ጊዜ የሚቆጠረው መሥሪያ ቤቱ የተሟላውን ማመልከቻ ከተቀበለበት ቀን ነው። በግቢው ውስጥ ቤት ካለ መሥሪያ ቤቱ በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት፤ ዝም ካለ እንደ ጸደቀ ይቆጠራል። ካልተቀበለዎት ጉድለቱንና ማስተካከያውን በጽሑፍ እንዲዘረዝር ይጠይቁ፤ የቃል መልስ ይዘው አይውጡ።

ክፍያን በተመለከተ፣ ቤቱ ከ750 ስኩዌር ፊት በታች ከሆነ የልማት ተጽዕኖ ክፍያ (አዲስ ግንባታ በአካባቢው አገልግሎቶች ላይ ለሚያመጣው ጫና የሚጠየቅ ክፍያ) የለም። የእኔ 380 ነበር። የንድፍ ምርመራ ክፍያ ግን አይቀርም።

ንድፍ አውጪ ከመቅጠርዎ በፊት ደግሞ ቀድመው የጸደቁ ንድፎችን ይጠይቁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ከተሞችና ካውንቲዎች ንድፎችን ቀድመው የሚያጸድቁበት አሠራር እንዲኖራቸው ይገደዳሉ።