በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ አዲስ ማውንትን ከሰማይ ዋልታ ጋር ማስተካከል

አነስተኛ የኮከብ መመልከቻ ያለው ክበብ ወይም ትምህርት ቤት ገንዘብ ሲያገኝ በመጀመሪያ የሚያስበው ካሜራ መግዛትን ነው። እኔ ግን ቅድሚያውን ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ከሰማዩ ጋር ለሚያዞረው ማውንት እሰጣለሁ፤ የማውንቱ መዞሪያ ዘንግ ከሰማይ ሰሜናዊ ዋልታ (ሰማዩ ዙሪያውን የሚዞር ከሚመስለው ነጥብ) ከተዛነፈ፣ ውድ ካሜራም ቢሆን ኮከቡን ነጥብ ሳይሆን ሰረዝ አድርጎ ነው የሚያነሳው።

ብዙ መመሪያዎች ዘንጉን በሰሜን ኮከብ ማስተካከልን ያዛሉ። አዲስ አበባ ላይ ግን ይህ ኮከብ ከአድማስ ከፍ የሚለው 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የእንጦጦ ተራራ ራሱ ከግርጌው ላሉ ሰፈሮች ሰሜኑን ሊጋርድ ይችላል። ስለዚህ ዘንጉን የሌሎች ኮከቦችን መንሸራተት እያዩ ማስተካከል ይሻላል።

ከግዢው በፊት የማውንቱ ከፍታ ማስተካከያ እስከ 9 ዲግሪ ዝቅ ማለቱን ያረጋግጡ፤ የአንዳንዱ ከዚያ በላይ ላይ ይቆማል። ዘንጉ አግድም ሊሆን ምንም ስለማይቀረው የሚዛን ክብደቱ ከመቆሚያው እግር ጋር እንዳይጋጭም ከፍ ያለ የኮንክሪት ምሰሶ ይመረጣል።

ምሰሶውን በውሃ ልክ፣ አቅጣጫውን በኮምፓስ ካስተካከሉ በኋላ፣ ለምሳሌ በጥር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ከኦሪዮን ቀበቶ ሦስት ኮከቦች ለሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ በላይ ለሚያልፈው የሰማይ መስመር) እጅግ የሚቀርበውን ሚንታካን በቴሌስኮፑ መመልከቻ መስቀለኛ መስመር መሀል ያስገቡ። ቴሌስኮፑን ትንሽ ወደ ሰሜን ሲገፉት ኮከቡ በእይታው ውስጥ የሚሸሽበት አቅጣጫ ደቡብ ነው። ከዚያ መከታተያ ሞተሩን አስነስተው 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ኮከቡ ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ ዘንጉ ወደ ምሥራቅ ስላጋደለ ወደ ምዕራብ ይመልሱት፤ ወደ ሰሜን ከሆነ ተቃራኒውን ያድርጉ። የምሥራቅና የምዕራቡን መንሸራተት ግን ችላ ይበሉት፤ ያ የሞተሩ ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ በምሥራቅ በኩል ከአድማስ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያለ ኮከብ ይምረጡ፤ በዚያው ሰዓት ሬጉለስ የተባለው ደማቅ ኮከብ ይበቃል። ይህኛው ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጉ ዝቅ ብሏል፤ ወደ ሰሜን ከሸሸ ከፍ ብሏል። አንዱን ማረም ሌላውን ስለሚነካ ሁለቱን እያፈራረቁ ይድገሙ። የ1 የቅስት ደቂቃ (የዲግሪ 1/60ኛ) የዘንግ ስህተት ኮከቡን በሰዓት እስከ 16 የቅስት ሰከንድ (የቅስት ደቂቃ 1/60ኛ) ያንሸራትታል፤ ከዚህ በታች ከወረደ ለአነስተኛ ጣቢያ በቂ ነው።

በመጨረሻም ብሎኖቹን አጥብቀው ቦታቸውን በቀለም ምልክት ያድርጉበት። ክረምቱ አልፎ በመስከረም ጣራው ሲከፈት ምልክቶቹ አለመዛነፋቸውን ካዩ በኋላ የሚንታካን ፈተና ኮከቡ ዳግም ሲመጣ ይድገሙት።