ሁዳ ያማ ለመሄድ ላሰበ ሰው

እኔ የምኖረው ግራትስ፣ ኦስትሪያ ነው። ስሎቬኒያ ውስጥ ላሽኮ አጠገብ ያለችውን ሁዳ ያማ የምትባል የኮረብታ መንደር ማየት የምትፈልጉ፣ ለሁለት ቦታ ተዘጋጁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለ ፍርድ የተፈጁት እስረኞች የተገደሉት እዚያ ባለ የማዕድን ዋሻ ቢሆንም አፅማቸው ያረፈው ማሪቦር ከተማ ነው። አንዱን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ።

መንገዱ ቀላል ነው፤ ባቡሩ በማሪቦርና በጼልዬ አድርጎ ላሽኮ ያደርሳል። ባቡር መቀየር ካለ ትኬት ስትቆርጡ ጠይቁ። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ዳገት ነው። ዋሻው ውስጥ መግባት ይቻል እንደሆነም ላሽኮ ካለው የቱሪስት ቢሮ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ታሪኩን ግን ቤታችሁ ሆናችሁ አንብቡ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጦርነቱ በሜይ 1945 ካበቃ በኋላ ያሸነፉት ፓርቲዛኖች (በኮሚኒስቶች የሚመሩት የዩጎዝላቪያ ተዋጊዎች) ስሎቬንና ክሮአት እስረኞችን ያለ ፍርድ ወደ አሮጌው የከሰል ማዕድን አምጥተው ፈጇቸው፤ ሴቶችም ነበሩባቸው። ዋሻው የተሰየመው በማዕድን ቆፋሪዎች ጠባቂ በቅድስት ባርባራ ነው፤ እኛ ታኅሣሥ 8 በስንክሳር የምናነባት ሰማዕት ናት። ገዳዮቹ ዋሻውን በግንብ ደፈኑት። ቆፋሪዎች አሥራ አንድ ግድግዳ ሰብረው በማርች 2009 ሲገቡ የጫማ ክምር አገኙ። ብዙው አስከሬን ሳይፈርስ ቆይቷል፤ የሴቶች ሹሩባ ሳይቀር ነበር። ከ1,400 በላይ ሰው አስከሬን ወጣ፤ በ2016 ማሪቦር ዶብራቫ መቃብር ተቀበሩ።

የእናቴ ወንድም በቀይ ሽብር ጊዜ ወጥቶ አልተመለሰም፤ መቃብሩንም አናውቅም። ስለዚህ የዚያን አገር ሰው ስታናግሩ «የእናንተ ሰዎች ከየትኛው ወገን ነበሩ?» ብላችሁ አትጀምሩ። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ አያት ናዚን የተዋጋ ፓርቲዛን፣ ሌላው ከጀርመን ጋር የቆመ ዶሞብራን ሊሆን ይችላል። ከጀርመን ጋር መቆም ጥፋት ነበር፤ ያለ ፍርድ መረሸንም ወንጀል ነው። ሁለቱንም ያዙ። ጉዳዩ ዛሬም ያከራክራል፤ በ2022 መንግሥት ሜይ 17ን የመታሰቢያ ቀን አድርጎ ቢያውጅ፣ ከእሱ በኋላ የመጣው መንግሥት በ2023 ሰረዘው።

ስትመለሱ ማሪቦር ውረዱና ዶብራቫ ሂዱ። ሻማ ስትገዙ ክዳን ባለው ብርጭቆ ያለውን ምረጡ፤ የአገሩ ልማድ ነው። ጊዜ ከተረፋችሁ እዚያው ማሪቦር ያለውን የቴዝኖን ጫካ ካርታ ላይ ፈልጉት፤ እዚያም ከጦርነቱ በኋላ እስረኞች ተረሽነዋል። በ1999 አውራ ጎዳና ሲሠራ እዚያ ካለው ምሽግ የ1,179 ሰው አፅም ወጥቷል፤ ቀሪው አሁንም መሬት ውስጥ ነው።