ሂት ፍላክስ ከመስጠታችሁ በፊት የመውጫውን ሙቀት በእጅ አስሉ

የፈሳሽ ፍሰትን በኮምፒውተር ስናሰላ ግድግዳ ላይ ሂት ፍላክስ፣ ማለትም በካሬ ሜትር የሚያልፍ የሙቀት መጠን፣ መስጠት ራሱ ከባድ አይደለም፤ አንድ ቁጥር መጻፍ ነው። ጣጣው ቁጥሩ ቢሳሳትም ሶልቨሩ፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራው ፕሮግራም፣ ዝም ብሎ መሮጡ ነው። ያማረ ባለቀለም ምስል ያወጣላችኋል፣ እናንተም ታምኑታላችሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት አውጡ። ዲያሜትሩ 20 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ በሰከንድ 0.02 ኪሎ ግራም ውሃ ይፈሳል፣ ግድግዳው ደግሞ በካሬ ሜትር 5000 ዋት ያስገባል እንበል። የግድግዳው ስፋት 0.0628 ካሬ ሜትር ነው። በ5000 ሲባዛ 314 ዋት። ይህን በሰከንድ ለሚፈሰው ውሃና ለ4180፣ ማለትም ለውሃ የሙቀት አቅም፣ ብዜት ስታካፍሉት 3.8 ዲግሪ ይመጣል። በ20 የገባ ውሃ በ23.8 ገደማ መውጣት አለበት።

ፍሉዌንት የተባለውን የፍሰት ማስሊያ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ የኢነርጂ እኩልታው መብራቱን እዩ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ሂት ፍላክስ መርጣችሁ 5000 ጻፉ። ካልነካችሁት ዜሮ ነው፣ ሙቀት አያሳልፍም። ፖዘቲቭ ማለት ወደ ፈሳሹ የሚገባ ነው።

ሌላው የፍሰት ማስሊያ ሶፍትዌር ኦፕንፎም ላይ ‹ኤክስተርናል ዎል ሂት ፍላክስ ቴምፕሬቸር› የሚባለው የግድግዳ ምርጫ ይሻላል። ሞዱ ‹ፍላክስ› ከሆነ ትንሿ ኪው በካሬ ሜትር ዋት ናት፤ ‹ፓወር› ከሆነ ትልቋ ኪው ጠቅላላ ዋት ናት። ‹ፊክስድ ግራዲየንት›ን፣ ማለትም ግድግዳው ላይ ሙቀቱ በሜትር ስንት ዲግሪ እንደሚለወጥ የሚጻፍበትን፣ መጠቀምም ይቻላል፦ 5000ን ለውሃ ሙቀት አስተላላፊነት፣ ለ0.6፣ አካፍላችሁ 8333 ትጽፋላችሁ። ይህ ግን ለላሚናር፣ ማለትም ሳይናወጥ ለሚፈስ ፍሰት፣ ነው። ዎል ፈንክሽን (ግድግዳው አጠገብ ያለውን ፍሰት በግምት ቀመር የሚተካ) ያለበት ተርቡለንት፣ ማለትም የሚናወጥ ፍሰት፣ ላይ ግድግዳው አጠገብ ያለው ውጤታማ አስተላላፊነት ስለሚለወጥ ያሰባችሁት ዋት አይገባም።

እኔን የሸወደኝ ሌላ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ የቱቦውን 5 ዲግሪ ቁራጭ ብቻ ሠራሁና ፍሰቱን ለ72 አካፍዬ፣ ፓወሩን ግን 314 እንዳለ ተውኩት። መሆን የነበረበት 4.36 ዋት ነው። ውሃዬ በ290 ዲግሪ ወጣ፣ ያውም ሳይፈላ! ሶልቨሩ ፍላት ካልነገራችሁት አያውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ መግቢያና መውጫ በሌለው ዝግ ሳጥን ላይ በሁሉም ግድግዳ ፍላክስ ብቻ አትስጡ። የገባው መውጫ ከሌለው ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል እንጂ ስቴዲ ስቴት፣ ማለትም በጊዜ የማይለወጥ ሁኔታ፣ አይመጣም። ቢያንስ አንዱ ግድግዳ ላይ ቴምፕሬቸር ይኑር።

ሲያልቅ የመውጫውን ሙቀት በማስ ፍሰት ሚዛን አማክላችሁ አንብቡት፤ በስፋት ብቻ ከሆነ ያሳስታል። 20 ካለ የኢነርጂ እኩልታው አልበራም ወይም ፍላክሱ ዜሮ ነው። 16.2 ካለ ምልክቱን ገልብጣችኋል።