በአዳማ በግድያ የተፈረደበት ሰው ማስረጃውን በይግባኝ እንዴት ይሞግታል?

ከሁሉም በፊት ቀኑን ያዙ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 ሁለት ቀነ ገደብ አለው። የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይገባል፤ ዝርዝር ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ። ብዙ ቤተሰብ 30ውን ሰምቶ 15ቱን ያሳልፋል። ታራሚው በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በኩል ማስገባት ይችላል። ቀኑ ካለፈ በአንቀጽ 191 ማስፈቀጃ ይጠየቃል፤ ነገር ግን ጥፋቱ የታራሚውም የጠበቃውም አለመሆኑ መታየት ስላለበት «ጠበቃዬ ረስቶት ነው» አያስኬድም።

ፍርዱን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። የምስክሮች ቃል፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት፣ የኤግዚቢት ዝርዝርና «ይከላከል» የተባለበት (ተከሳሹ መከላከያውን እንዲያቀርብ የታዘዘበት) ብይን አብረው ይገልበጡ። አዳማ ላይ መዝገቡ የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነውና፣ በአማርኛ የመሰከረ ሰው ቃል ሲመዘገብ ርቀትና ሰዓት ተዛብቶ እንዳይሆን አጣሩ። ችሎቱ ድምፅ ቀድቶ ከሆነ ከቅጂው ጋር ይመሳከር።

ዋናው ሥራ ማመልከቻው ነው። «ምስክሮቹ ሐሰተኞች ናቸው» የሚል አቤቱታ ዐቃቤ ሕግ ሳይጠራ «አያስቀርብም» (ለክርክር አይበቃም) ተብሎ ይዘጋል። እንዲህ ይጻፍ፦ «2ኛ ምስክር በዋና ጥያቄ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 ሜትር ፊቱን አየሁ ብሏል፤ በመስቀለኛ ጥያቄ መብራት እንዳልነበረ አምኗል፤ ፍርዱ ይህን ሳይመረምር አልፎታል።» ገጹም ይጠቀስ። ምስክሩ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ሌላ ከሆነ፣ ያ ልዩነት በችሎት ቀርቦለት እንደሆነ አረጋግጡ፤ ካልቀረበለት ይግባኝ ላይ ክብደቱ ይሳሳል። ሐኪሙ የጻፈው ቁስልና ምስክሩ አየሁት ያለው መሣሪያ ካልተጣጣሙ ግን ይህ ራሱን የቻለ ቅሬታ ነው፤ ከሌላው ጋር አትቀላቅሉት።

የእምነት ቃል ካለ የተያዘበትን ሰዓትና ቃሉ የተሰጠበትን ሰዓት አስተያዩ። ዝም የማለት መብቱ ተነግሮታል? ፍርድ ቤት ቀርቦ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 35 ተመዝግቧል? በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) ተቀባይነት የለውም። ተቃውሞው በሥር ፍርድ ቤት ተነሥቶ እንደነበር ከመዝገቡ አሳዩ።

አማራጭ ቅሬታ ማከል ሽንፈት አይደለም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 (ከባድ የሰው ግድያ) ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀጣል፤ 540 (ተራ የሰው ግድያ) ግን ከ5 እስከ 20 ዓመት። አስቀድሞ ማሰቡን የሚያሳይ ማስረጃ ከሳሳ፣ ነጻ መባል ባይገኝ እንኳ አንቀጹ ይለወጥ ተብሎ ይጠየቅ።

አዲስ ማስረጃ ሲኖር በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 194 ይጠየቃል፤ ቀድሞ ያልቀረበበት ምክንያት ካልተጻፈ ግን ተስፋ አታድርጉ።

የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ምስክር አይመዝንም፤ የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው። ገደቡ የመጨረሻው ውሳኔ ከተሰጠ 90 ቀን ስለሆነ የፍርዶቹን የአማርኛ ትርጉም በመጀመሪያው ሳምንት አሠሩ።